ውጅግራ ወዴት ሄደ? ጊዜ ስላለፈባቸው መሣሪያዎች



«ውጅግራ» የሚለውን ቃል በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ብዙ የለም። ቃሉ ከአፋችን ጋር ከመዋሐዱ የተነሣ የአገር ቤት ፍጥረት ይመስላል። እውነቱ ግን «ፊዩዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የተወለደ መሆኑ ነው፤ የግራ ጠብመንጃ ማለት ነው። ይህ «ግራ» ከግራና ቀኝ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1874 ለአገሩ ሠራዊት ያዘጋጀው መሣሪያ ስለሆነ በስሙ ተጠርቶ ነው። (በዚህ መጣጥፍ የአገራችንን ነገር በአገራችን አቆጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልሁ እጽፋለሁ።)

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሰናድር ስናይደር ነው፤ ምንሽር ማንሊኸር ነው፤ ለበን ለበል ነው፤ አልቢን አልቢኒ ነው፤ በልጅግም ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል። የአባቶቻችን የጀግንነት መዝገበ ቃላት በአንድ በኩል ሲነበብ የአውሮፓ መኮንኖችና መሐንዲሶች የስም ዝርዝር ሆኖ ይገኛል። በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በግሪክም ይኸው የግራ ጠብመንጃ ለብዙ ዓመታት የሠራዊቱ መደበኛ መሣሪያ ስለነበረ፣ ስሙ በሕዝቡ ዘንድ ለጠብመንጃ ሁሉ መጠሪያ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነገር የቃላት ታሪክ አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች ወደ እኛ የመጡት መቼ ነው? የሚለውን ጥያቄ ነው። መልሱ ሲመረመር አንድ የሚያስገርም ሥርዓት ይታያል። አብዛኞቹ የመጡት የሠራቸው አገር ከእጁ ባወጣቸው ማግስት ነው። ሰናድር በብዛት መሰራጨት የጀመረው እንግሊዞች ማርቲኒ ሄንሪ የተባለውን መሣሪያ ከተቀበሉ በኋላ ነበር። ውጅግራም ወደቦቻችንን ያጥለቀለቀው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ለበልን ካስታጠቁ በኋላ ነው። እነርሱ «ጊዜው አልፎበታል» ያሉትን እኛ አዲስ ብለን ተቀበልን።

ምክንያቱን ለመረዳት የአሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ እስከ 1890 ባለው ጊዜ ውስጥ የአውሮፓ እግረኛ ወታደር መሣሪያውን ከመሠረቱ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። በመጀመሪያ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ተትቶ በጀርባ የሚጎርሰው ገባ። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ተኩሶ የሚጎርሰው ተትቶ በመጋዘኑ ብዙ ጥይት ይዞ ደጋግሞ የሚተኩሰው መጣ። ወዲያው ደግሞ ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ አገኘና የቀድሞው ጥቁር ባሩድ ከነጠብመንጃው ዋጋ አጣ። በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ወታደር ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ በራሱ ጭስ ውስጥ ይታወራል፤ የት እንዳለም ለጠላቱ ይናገራል። ጎረቤቱ ጭስ አልባውን የያዘበት መንግሥት እንቅልፍ አልነበረውም። ስለዚህም አንዱ ሲቀይር ሌላው ተከትሎ ቀየረ፤ ገና ዘይታቸው ያልደረቀ ጠብመንጃዎች በሚሊዮን እየተቆጠሩ መጋዘን ውስጥ ቀሩ።

መንግሥታት እንዲህ ያለ ክምችት ሲበዛባቸው ለነጋዴ ይሸጡታል። የነጋዴዎቹ ዋና ከተማ በቤልጅግ የምትገኘው ሊዬዥ ነበረች። ከዚያ በመርከብ ወደ ኤደን፣ ወደ ኦቦክ፣ ወደ ታጁራና ኋላም ወደ ጅቡቲ ይጫናል፤ ከዚያም በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ይገባል። ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ገጣሚው አርቱር ራምቦ መሆኑን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ያውቃሉ። ራምቦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1885 ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን ያለ ምንም ኀፍረት ያብራራል። የሚጭናቸው ጠብመንጃዎች ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተሰናበቱ በካፕሱል የሚተኩሱ አሮጌዎች መሆናቸውን፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ እንደሚገኙ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ይገልጻል። አምስት እጥፍ ማለት ነው! እርግጥ የበረሃው መንገድ ወጪና ሞት ነበረበት። ሸሪኩ ላባቱ ቅፍለቱ ሳይነሣ ሞተ፤ ሌላው አጋሩ ሶሌዬም እንዲሁ። ራምቦ ብቻውን ተጉዞ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ በዋጋው አልተስማሙም። የሟቹን የላባቱን ዕዳ የሚጠይቁም ከየአቅጣጫው ተነሡበት። በመጨረሻ የተረፈውን ገንዘብ ከሐረር ገዥ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጥቶት ከእንጦጦ ወረደ። የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት በዚህ በጣም ያዝናሉ። እኔ ግን እንደ ኢትዮጵያዊ ላዝን አልቻልሁም፤ ንጉሡ ስለ ጠብመንጃ ዋጋ ከገጣሚው የተሻለ ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ምኒልክ የቀረበላቸው የአውሮፓ ውዳቂ መሆኑን እያወቁ ለምን ገዙ? አንዳንድ ጸሐፍት እንደሚሉት ተታለው ነው? አይደለም። እንደ እኔ አመለካከት ጉዳዩን ሁሉ የሚፈታው ነገር «ጊዜ ያለፈበት» የሚባለው ጠባይ በብረቱ ላይ አለመኖሩ ነው። አንድ ጠብመንጃ አሮጌ የሚሆነው ፊት ለፊቱ በቆመው ሰው እጅ ካለው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። በራይን ወንዝ ዳር ዋጋ የሌለው መሣሪያ በአዋሽ ወንዝ ዳር መንግሥት ሊያቆም ይችል ነበር።

ለዚህ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ ጥሩ ምስክር ናቸው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላን አፍርሶ ሲመለስ፣ በአገራቸው በሰላም ስላሳለፉት ውለታ ብሎ ስድስት ሞርታር፣ ስድስት ሃዊትዘርና 850 ያህል ጠብመንጃ ተወላቸው። ሰናድር የእንግሊዝ ሠራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የሞከረው በዚያ ዘመቻ ነበር፤ ለካሣ የደረሳቸው ግን በአመዛኙ በአፈሙዝ የሚጎርሰው አሮጌው ነው። ለናፒየር ወደ ባሕር ጭኖ ማውረዱ ራሱ ድካም የነበረ ዕቃ ነው። ካሣ ኪርክሃም በተባለ እንግሊዛዊ ጥቂት ጭፍራ አሠለጠኑበትና በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አደረጉ። በስድስት ወራቸው በአክሱም ዘውድ ጫኑ። እንግሊዝ ያራገፈው ሸክም የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት መረጠ ማለት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ያንን ትምህርት አልረሱም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ሠራዊት ሲመቱ የማረኩት ረሚንግተንና መድፍ ለብዙ ዓመታት የሰሜኑ ጦር የጀርባ አጥንት ሆነ። ምኒልክም በበኩላቸው ከሁሉም በር ገዙ፤ ከፈረንሳይም፣ ከጣልያንም፣ ከሩስያም። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ጣልያን በዮሐንስ ላይ ገለልተኛ እንዲሆኑላት ብላ አምስት ሺህ ረሚንግተን ልትሰጣቸው ተዋዋለች። ከውጫሌ ውል በኋላም መሣሪያ ማምጣቷን አላቆመችም። ሁለት ሚሊዮን ጥይት ሸዋ የደረሰው ምኒልክ ውሉን በይፋ ሊያፈርሱ ሲቃረቡ ነበር። ጥይቱን ተቀበሉ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉ እንደማይጸና ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የውጫሌን አንቀጽ አሥራ ሰባት የትርጉም ልዩነት ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ይህንን የጥይት ታሪክ ግን የሚያስተምር መምህር ብዙ አላጋጠመኝም።

የዓድዋ ዕለት ደግሞ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር ተከሰተ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1891 ካርካኖ የተባለውን ጭስ አልባ ጠብመንጃ ተቀብላ ነበር። ነገር ግን በቅኝ ግዛቷ የተከማቸው ጥይት የአሮጌው የቬተርሊ ነበርና፣ ክምችቱ እንዲያልቅ ተብሎ ወታደሮቿ ቬተርሊ ይዘው እንዲዘምቱ ተደረገ። ለአፍሪካ ጦርነት አሮጌው ይበቃል የሚል ስሌት ነበረበት ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጠበቃቸው ግን ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ፣ አብዛኛው ውጅግራና ረሚንግተን የታጠቀ፣ ፈጣን ተኳሽ የሆችኪስ መድፍ ያሰለፈ ሠራዊት ነበር። አሮጌ ከአሮጌ ጋር ተገናኘ። በዚያን ዕለት ጣልያኖች 56 መድፎቻቸውን በሙሉና 11,000 ያህል ጠብመንጃ ጥለው ሸሹ። ለአፍሪካ ይበቃል የተባለው ቬተርሊም የኢትዮጵያ ሆነ።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ የሚል የጀግንነት ታሪክ ይሆን ነበር። የታሪክ መምህር ግን እንዲህ ሊያደርግ አይገባውም። ዓድዋ ላይ ነፃነትን ያስከበረው ጠብመንጃ ከዚያ በፊትና በኋላ በሌላ አቅጣጫም ተዘርግቷል። በ1870ዎቹ ተደጋጋሚ ዘመቻዎችና በአዙሌ፣ የአርሲ ኦሮሞ ጦርና ጋሻ ይዞ የገጠመው ራምቦና ባልንጀሮቹ ያመጡትን ዓይነት መሣሪያ ነው። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ግብፆች ትተዋቸው የሄዱ ጥቂት ረሚንግተኖችና መድፎች ቢኖሩትም አልበቁትም። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ የካዎ ጦና ሰዎች ጀግንነት ጎድሏቸው አልነበረም የተሸነፉት። ያ ለፈረንሳይ ወታደር ኋላ ቀር የሆነ ነጠላ ተኳሽ ለእነርሱ ከሰማይ የወረደ መዓት ነበር።

ንግዱም ዙሪያ ክብ ነበረው። ጠብመንጃው የሚገዛው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚመጡት ጠብመንጃው ካስገበረው ምድር ነው። በየሰፈሩ የተተከለው ወታደርም ስሙን ያገኘው ከመሣሪያው ነው፤ ነፍጥ ያዥ፣ ነፍጠኛ ተባለ። ይህ ቃል ዛሬ በፖለቲካችን ውስጥ ምን ያህል እንደሚያቆስል፣ ምን ያህልም የሰው ሕይወት እንዳስጠፋ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዱ ወገን ጠብመንጃውን በዓድዋ ብቻ ያየዋል፤ ሌላው በአርሲና በወላይታ ብቻ። ብረቱ ግን አንድ ነው። በአንዱ ሰደፍ ላይ ሁለቱም ታሪኮች አሉ።

ስለ ጥይቱ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ይህ ክፍል ሁልጊዜ ይመስጠኛል። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ተሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከብር ያነሰ ዋጋ ላለው ዕቃ ገዥው ጥይት ቆጥሮ ይሰጣል። ዕቃው ራሱ ዋጋ ያለው፣ በመጠን እኩል፣ ለመሸከም የሚመች ነበርና ለገንዘብነት ምን ጎደለው? በጥቁር ባሩድ የሚሠራ መሆኑም ሌላ በረከት ነበረው። ባሩድ በአገር ቤት የመቀመም ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ነበርና የተተኮሰውን ቀለሃ ለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ እንደገና መተኮስ ይቻል ነበር። ጭስ አልባው ሲመጣ ይህ ቀረ፤ ፋብሪካ ያስፈልገዋል። ዘመናዊ መሣሪያ የያዘ ባላገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተኩስ የባሕር ማዶ ጥገኛ ሆነ። ስለዚህም ብዙ ሰዎች አዲሱን ምንሽር እየተመኙ ውጅግራቸውን አልጣሉም።

የአውሮፓ መንግሥታት ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብለው አልተመለከቱም። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ ተሰብስበው የባሪያ ንግድን ለማጥፋት በሚል ርእስ አንድ ጠቅላላ ስምምነት ፈረሙ። በውስጡ ከሰሜን 20 ዲግሪ እስከ ደቡብ 22 ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ምድር የተሻሻሉ ጠብመንጃዎች እንዳይገቡ የሚከለክል አንቀጽ አለ። በድንጋይ የሚለኮሰው፣ ውስጡ ያልተጠረበው የአያቶች ጠብመንጃ ግን ተፈቅዷል። ለአፍሪካዊ የሚፈቀደው የአሮጌነት ደረጃ በሕግ ተወሰነ ማለት ነው። በዚያ ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክላ የቀረበችው ጣልያን ነበረች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነውን ስናስብ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

ፈገግታው ግን አርባ ዓመት አልዘለቀም። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር ስለ መሣሪያ ማስገባት ውል ተፈረመ። በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ ግን ብሪታንያና ፈረንሳይ የሽያጭ ፈቃድ ከለከሉ። ክልከላው ለሁለቱም ተፋላሚዎች እኩል ነው ተባለ። አንደኛው የራሱ የአውሮፕላን ፋብሪካ እንዳለው ሁሉም ያውቅ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ከዘመተው ሠራዊት መካከል አያቱ ዓድዋ ላይ የያዘውን ውጅግራ የያዘ ነበር። የተለያየ ዓይነት ጠብመንጃ በአንድ ጭፍራ ውስጥ ስለነበረ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዓድዋ ላይ አሮጌ ከአሮጌ ተገናኝቶ ነበር፤ ማይጨው ላይ ግን አሮጌው ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ጋር ተገናኘ። መሣሪያው በአርባ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ፊት ለፊቱ የቆመው ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ያለው ታሪክ ያው ሥርዓት በሌላ ስም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። አርበኞች የማረኩት ካርካኖ በየገጠሩ ተበተነ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1953 ውል በኋላ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጠብመንጃቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ሰጡ፤ እነርሱ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ዓይነት ተሻገሩ። በ1970 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መሣሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ ስታጓጉዝልን፣ ከታንኮቹ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተነደፉት ቲ 54 እና ቲ 55 ነበሩ፤ ለራሷ ግንባር ቀደም ክፍሎች ከእነዚህ አዲስ የሆኑትን ይዛ ነበር። ሊዬዥ በኦዴሳ ተተካች። ልዩነቱ ራምቦ ሒሳቡን በግልጽ መጻፉ ነው፤ የሶሻሊስት ወንድማማችነት ደብዳቤዎች እንደዚያ ግልጽ አልነበሩም።

የእነዚያ ታንኮች መጨረሻ ግን ከጠብመንጃዎቹ ይለያል። ጠብመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ታንክ በሞተበት ይቀራል። ወደ ሰሜን በመኪና የተጓዘ ሰው በየመንገዱ ዳር ሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት አዘቅዝቆ የቆመ ዝገት አይቶ ያውቃል። ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ ፍየሎች በጥላው ያርፋሉ። አስመራ ዳርቻ ላይ አሜሪካ ሠራሹና ሶቪየት ሠራሹ ተሽከርካሪ በአንድነት ተቆልሎ የሚታይበት ሰፊ የብረት መቃብር አለ። ምጽዋ ላይ ከ1982 ዓ.ም. ውጊያ የቀሩ ሦስት ታንኮች ሐውልት ሆነዋል። በየገጠሩ ደግሞ የመድፍ ቀለሃ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ያገለግላል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እንጦጦ አካባቢ የጥይት ቀለሃ እያቀለጡ ዶቃና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ ሥራቸው በውጭ አገር ሱቆች ይሸጣል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ወደሚከተለው ጉዳይ ለመድረስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010ሮቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ገበያ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ ጠብመንጃዎች በብዛት መታየት ጀመሩ። ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ የሩስያ በርዳን፣ ካርካኖ፣ ማውዘር። ፎቶግራፎቻቸውን ለረጅም ሰዓታት ተመልክቻለሁ። የተሰነጠቀው ሰደፍ በጠፍር ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ታስሮ፣ በቆርቆሮ ተለብዶ ይታያል። መስቀል የተቀረጸበት፣ ፊደል የተጫረበት አለ። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራን ጠብመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ መሣሪያ ስለማይቆጥረው፣ ገዥው ለሌላው ጠብመንጃ የሚጠየቀውን የፌዴራል ሥርዓት ሳያልፍ ቤቱ ድረስ ሊላክለት ይችላል። ዓድዋ ላይ የነበረ ጠብመንጃ በዚያ አገር ሕግ የግድግዳ ጌጥ ሆኗል።

ሽያጩ ሕጋዊ አይደለም ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ክሴም በዚያ ላይ አይደለም። መንግሥት የማይጠቅመውን ብረት ሸጦ ዶላር ማግኘቱ በራሱ ነውር አይሆንም። የማዝነው ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ጠብመንጃ ላይ የፋብሪካው ማኅተም፣ የተሠራበት ዓመትና ተራ ቁጥር አለ፤ በሰደፉም ላይ የባለቤቶቹ ምልክት አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ቢመዘገቡ የትኛው መሣሪያ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ በየትኛው ክፍለ ሀገር እንደተሰበሰበ የሚናገር ቤተ መዛግብት ይሆኑ ነበር። ስለ ዓድዋም ሆነ ስለ አርሲ እየተጯጯህን የምንከራከርበት ነገር ላይ የሚጨበጥ ማስረጃ ይጨምሩ ነበር። ከመሸጣቸው በፊት እንዲህ ያለ ምዝገባ ተደርጎ ከሆነ ለምርምር ሰዎች ክፍት ሆኖ አላየሁትም። አሁን ያንን ምልክት እያጎላ የሚያነብበው በቴክሳስ ወይም በኦሃዮ ያለ ሰብሳቢ ነው። አንዳንዶቹ እጅግ ጠንቃቆች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ፊደላችንን ግን አያነቡም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ የሚሰጠው ትርጓሜ ሰፊ ነው፤ ታሪካዊ ዋጋ ያለውን የሰው እጅ ሥራ ያቅፋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር ሲመልስ ሁላችንም ተደስተናል፤ የመቅደላ ቅርስ ሁሉ እንዲመለስ መጠየቃችንም ትክክል ነው። በእነዚያው ዓመታት ግን የቴዎድሮስ ልጆችና የልጅ ልጆች የታጠቁት በሣጥን ታሽጎ በሌላ በር ይወጣ ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ለእንዲህ ያለ ስፍራ ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ የሚናገረው፣ ሰደፉ በጠፍር የታሰረ አንድ ውጅግራ ከነሙሉ የሕይወት ታሪኩ ነው።

የቀረው ጥቂት አይደለም። በየቤቱ፣ በየገዳሙ ዕቃ ቤት፣ በየፖሊስ ጣቢያው መጋዘን ዛሬም አሮጌ ጠብመንጃ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የመሣሪያ አስተዳደር አዋጅ ፈቃድና ምዝገባን ይጠይቃል፤ መዝጋቢው ግን የሚፈልገው አደገኛነቱን እንጂ ዕድሜውን አይደለም። በቅጹ ላይ ለማኅተሙ፣ ለዓመቱና ለባለቤቱ ቃል ሦስት ተጨማሪ መስመሮች ቢኖሩ፣ አንድ ፎቶግራፍም ቢያያዝበት፣ ሥራው ከሞላ ጎደል ተሠራ ማለት ነው። ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ ባለፈው ክረምት በየቤተሰባቸው ያለውን ብቻ እንዲህ መመዝገብ ጀምረዋል። እስካሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሴንት ኤትየን የተሠራ ውጅግራ ነው፤ በሰደፉ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም በቢላዋ ተፍቆ የሁለተኛው ተጽፎበታል። የተፋቀውን ስም በጎን ብርሃን ለማንበብ እየሞከሩ ናቸው።